የአሥራ ሁለት ቤት ራዲዮ

ቁጥርን እንጂ ሰውን አምኜ አላውቅም ነበር። ቁጥር አይቀየምም፣ አያፍርም፣ «ሻሂ ሳትጠጣ አትሄድም» ብሎ አይዝህም። አዲስ አበባ አድጌ፣ እዚያው ስታቲስቲክስ ተምሬ፣ ነፃነት በታወጀ በዓመቱ ወደ ወላጆቼ ከተማ ወደ አስመራ ስገባ ትግርኛዬ ስብርብር ያለ ነበር። ደግነቱ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ያለው የጥናት ቢሮ የቀጠረኝ እንድደምር እንጂ እንድናገር አይደለም።

አለቃችን አቶ በራኺ በዚያ ዓመት አዲስ ነገር አመጡብን። «ከእንግዲህ ቅጽ መሙላት ብቻ አይበቃም» አሉ። «ቁጥሩ ግራ ካጋባን ሄደን ሰዎቹን እናነጋግራለን። ቁጥሩንና ወሬውን እናጋባቸዋለን።»

በሆዴ ሳቅሁ። ሳይውል ሳያድር የሚፈርስ ጋብቻ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ዓኽርያ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ቅጾች መጡ። የጤና ትምህርት በምን መንገድ ለሕዝቡ እንደሚደርስ እያጠናን ስለነበር አንዱ ጥያቄ «በቤታችሁ ራዲዮ አለ?» ይላል። በሌላው ሰፈር ከአሥራ ሁለት ቤት «አለን» ያለው ሦስት ቢሆን ነው፤ ቢበዛ አራት። በዓኽርያው ግን አሥራ አንዱ! «የለም» ያሉት ኣደይ ለተሚካኤል፣ እማማ ለተሚካኤል እንደ ማለት ነው፣ የተባሉ አሮጊት ብቻ ናቸው።

ቅጾቹን የሞላችው ኣምለሰት ናት፤ በታጋይነት ከነበረችበት ሜዳ ከተመለሰች ሦስት ዓመቷ ነው።

«አንዱ ብቻ ነው እውነት» አልኩ ለአቶ በራኺ፣ እሷው ፊት። «የቀረውን ካፌ ተቀምጣ ነው የሞላችው።»

ፊቷ ጠቆረ። «የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» አለች። «ካላመንክ ኪድ፣ ሂድና ራስህ እይ።»

አቶ በራኺ ቅጾቹን ወደ እኔ ገፉ። «እስከ ዓርብ አጣራ። ውሸት ከሆነ ውሏ ይቋረጣል።»

እናቷንና ልጇን በዚያች ውል እንደምታኖር አውቅ ነበር። ቢሆንም ቁጥር ቁጥር ነው ብዬ በማግስቱ በአውቶቡስ ዓኽርያ ወረድኩ።

የመጀመሪያው ቤት የኣስካሉ ነው፤ ባሏ ብረት በያጅ የሆነ ሳቂታ ሴት። ራዲዮው ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ አንቴናው ተሰብሮ ሽቦ ተቀጥሎለታል። ምልክት አደረግሁና ጎረቤቷ ዘንድ ገባሁ።

«ራዲዮ አላችሁ?»

«እወ፣ አለን» አለ ሰውየው።

«የታለ?»

«ኣስካሉ ቤት።»

«እንግዲያው የላችሁም!»

በትዕግሥት አየኝ። «አለን እንጂ። ዛሬ የሷ ቀን ነው። የኛ ነገ ነው።»

ሦስተኛው ቤት «የኛ ከነገ ወዲያ» አሉ። አራተኛው ቤት ሳልጠይቅ ወደ ኣስካሉ ተመለስኩ። ስታየኝ በሳቅ ፈረሰች።

«በደርግ ጊዜ የታጋዮቹን ጣቢያ ሲሰማ የተያዘ ወዮለት!» አለች። «ስለዚህ ራዲዮው አንድ ቤት ሁለት ቀን አያድርም ነበር። በዘንቢል ከቤት ቤት ይዞራል፣ ከላዩ ድንች። ከዚያ ወዲህ ለምደነው ቀረ።»

«ታዲያ ባለቤቱ ማነው?»

«ኣደይ ለተሚካኤል ናቸዋ።»

እኔ ያመንኩት አንዱ ቤት! ቅጻቸውን አወጣሁ። ከ«የለም» አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ፣ ኣምለሰት በእርሳስ የጻፈችው ነገር ነበር። ትግርኛ ስለሆነና ቁጥር ስላልሆነ ሳላነበው ያለፍኩት ነው። አሁን ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ይህን ሲመልሱ በሩን አዩ» ይላል።

ምን ነበር በሩ ላይ? መንገዱን በሙሉ ይህንኑ ሳስብ ሄድኩ።

ኣደይ ለተሚካኤል ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። ወረቀቴን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ኣደይ፣ ራዲዮው የእርስዎ ነው አሉኝ።»

«ኣይፋልን፣ ራዲዮ የለኝም» አሉ። ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ፤ ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩበት። ምስሩን አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ።

«ባለቤቴ ነው ከአንድ ጣልያን የገዛው» አሉ ብዙ ቆይተው። «በደርግ ጊዜ ወረቀት የያዘ ሰው ይመጣል። እንዳንተ አማርኛ ይናገራል። ‹ራዲዮ አለ?› ይላል። የለም እላለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የለም አልኩ። ያቺም ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። የኛ ልጅ መሆኗን እኔ ዐወቅሁ፣ ምላሴ ግን አላወቀም።»

አፈርኩ።

«ሓቂ ንገረኝ፣ ወደይ፣ ልጄ» አሉ ቀና ብለው። «አሁን ‹አለኝ› ማለት ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ኣደይ።»

«ለመንግሥት ሰውም?»

«ለማንም።»

ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ «በል ጻፍ» አሉ። «አለኝ።»

ዓርብ ጠዋት ኣምለሰትን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ አቶ በራኺ ፊት።

«ይቅርታው ይቆይ» አለች። «ስንት ሆነ?»

«አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት።»

«ራዲዮውስ ስንት ነው?» አሉ አቶ በራኺ።

«አንድ።»

ቅጹን አገላብጠው አዩት፤ ለእንዲህ ያለ ነገር የተተወ ቦታ አልነበረውም። ኣምለሰት እርሳሷን አቀበለችኝ። እሷ ከጻፈችው በታች፣ በዚያች ስብርብር ትግርኛዬ ጨመርኩበት፦

«ይህን ሲመልሱ በሩን አላዩም።»