ሳልባትዮው ይተነፍሳል

ቤንዚኑ ለሦስተኛ ጊዜ ገንፍሎ የሀብተሥላሴን እጅ አራሰው። በርሜሉን ያዘነበለው ገሜዳ ደንግጦ ቀና አደረገው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቀድተው ቀድተው የመጀመሪያው ካሚዮን ሳልባትዮ፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ገና ሩቡ እንኳ አልሞላም። ከኋላው አምስት ካሚዮኖች ተራ ይጠብቃሉ። ስድስቱም ጥይት ጭነው እኩለ ቀን ላይ በሆለታ በኩል ወደ አምቦ መነሳት አለባቸው።

"ምን ሆኖ ነው የሚተፋው?" አለ ገሜዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እኔ ምን አውቄ! ዝም ብለህ ያዝ።"

ሀብተሥላሴ መካኒክ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የአንድ አርመን ነጋዴ መኪናዎችን ሲጠግን ነበር የኖረው፤ አሁን ኮልፌ ዳር በተሠራው የጦሩ ጋራዥ ሳይወድ በግዱ ይሠራል። ገሜዳ መኪና አጣቢና ቤንዚን ቀጂ ነው። ሠላሳ ዓመቱን የደፈነ፣ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጥንቃቄው ደግሞ አንዳንዴ ከስንፍና የባሰ ያስቸግራል።

ባለፈው ወር በሌላ ጋራዥ ሳልባትዮ ውስጥ ስኳር ተገኝቶ ሁለት ሰዎች ተሰቅለዋል። ስኳሩን ማን እንደጨመረው የመረመረ የለም፤ የዕለቱ ተረኞች እነሱ ስለነበሩ እነሱው ተሰቀሉ። የዛሬ ተረኞች ሀብተሥላሴና ገሜዳ ናቸው። ሀብተሥላሴ ደግሞ ፈሪ ነው፤ ራሱም አይክድም። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል፤ ሚስቱ አጸደ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅበት ነበር፣ ኋላ ግን እሷም አብራው መግባት ጀመረች።

የጫማ ኮቴ ተሰማ። የጋራዡ አዛዥ፣ ጣሊያናዊው ማሬሻሎ፣ ሰዓቱን እያየ መጣ። ከጎኑ አስተርጓሚው ወልደጊዮርጊስ አለ፣ ከሩቅ አገር ከጦሩ ጋር የመጣ፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው።

"ለምን አይሞላም ይላል" አለ ወልደጊዮርጊስ።

"እያየሁት ነው ጌታዬ።"

ማሬሻሎው ጥቂት ቃላት ተናገረ። ወልደጊዮርጊስ ፊቱ ሳይለወጥ ተረጎመው። "ምክንያቱን ፈልጎ ያሳየኝ። ካላሳየኝ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ብዬ እጽፋለሁ፣ ይላል። ሲጋራውን አጭሶ ይመለሳል።"

ሁለቱ ራቅ ብለው ቆሙ። ሀብተሥላሴ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ አፉ ላይ ያለውን ማጥለያ ወንፊት አውጥቶ አየው፤ ንጹሕ ነው። ከበርሜሉ በጣሳ ቀድቶ አሸተተው፤ ቤንዚኑም ደህና ነው። ሽቦ ሰድዶ መግቢያውን ለካው፤ የተጨራመተ ነገር የለውም። ስለዚህ የቀረው አየሩ ነው። አፈ ጠባብ ቅል ምንጭ ውስጥ ሲደፍቁት የውስጡ አየር ካልወጣ ውኃው አይገባም፤ ሳልባትዮም እንደዚያው ነው። ለአየሩ መውጫ ከጎኑ አንዲት ቀጭን የመዳብ ቱቦ አለችው።

በጀርባው ተንሸራቶ ካሚዮኑ ሥር ገባና አፉን ቱቦዋ ላይ አድርጎ ነፋ። ጉንጩ ተወጠረ እንጂ ምንም አላለፈም። በፒንሳ ጫፏን ቆንጥጦ ሳበ። የጣት አንጓ የምታህል ጧፍ ወጣች። ክሯም ሰሟም እንዳለ፣ በቢላ ተስተካክላ የተቆረጠች ጧፍ። በሰው እጅ እንደተወተፈች ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

"ገሜዳ!" አለ በሹክሹክታ። ገሜዳ ጎንበስ አለ። "ይህን ማን ነው የወተፈው?"

"እኔ ነኛ፣ ጋሼ" አለ ገሜዳ፣ እንደሚመሰገን ሰው። "ትናንት ማታ ሳጥብ ጫፏ ላይ ቤንዚን አየሁ። እርስዎ ራስዎ 'ሳልባትዮው የሚተነፍሰው በዚች ነው' ብለውኝ የለ? የተነፈሰ ነገር ደግሞ ይደፈናል። ቤንዚኑ እንዳያልቅ ብዬ ደፈንኳት።"

ሀብተሥላሴ ዓይኑን ጨፈነ። እሱ እስትንፋስ ማለቱ ነበር፤ ገሜዳ የሰማው እንደ ጎማ ይተነፍሳል ብሎ ነው። እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል? ወልደጊዮርጊስ ይህን ለማሬሻሎው ሲተረጉም፣ ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ተሻግሮ የሚደርሰው "ገሜዳ ደፈነው" የሚለው ብቻ ነው።

ኮቴው ቀረበ። ሀብተሥላሴ ጧፏን የሚደብቅበት አጣ፤ ኪሱን ሊፈትሹት ይችላሉ። አፉ ውስጥ ጨመራትና ዋጣት። ጉሮሮው ላይ ቆማ ልትገድለው ነበር፤ ደግሞ ዋጠ፣ እንባው መጣ፣ ወረደች። ቤንዚን ቤንዚን እያገሳው ወጣ።

"ምን አገኘህ?" አለ ወልደጊዮርጊስ።

"አቧራ ነው። የአየር መውጫዋን አቧራ ደፍኗት ነበር። አሁን ይቀዳና ይዩት።"

ገሜዳ በርሜሉን አዘነበለ። ቤንዚኑ እየተንደቀደቀ ገባ፣ አንድ ጠብታ እንኳ አልተመለሰም። ማሬሻሎው ግን አልተደሰተም። አንድ ነገር ጠየቀ፣ ጣቱን እያወዛወዘ።

"አቧራው ይችን ብቻ መርጦ ገባ ወይ፣ ይላል።"

ሀብተሥላሴ ፒንሳውን መጥረግ ያዘ።  ያኔ ገሜዳ፣ ወደ በርሜሉ እንዳጎነበሰ፣ በርሜሉን የሚራገም መስሎ በኦሮምኛ አጉረመረመ።

"ሁንዱማ።"

ሁሉንም። ስድስቱንም ደፍኗል። አስተርጓሚው ኦሮምኛ አያውቅም፤ ሀብተሥላሴ ግን ኮልፌ ገበያ ያደገ ነው።

"ሁሉም ተደፍነዋል" አለ ወዲያው። "አንድ መንገድ ሲመላለሱ የከረሙ አይደሉ? ሳይቀዳላቸው በፊት አምስቱንም ልክፈታቸው።"

ማሬሻሎው ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ፤ ትእዛዝ ሰጥቶ ወደ ቢሮው ሄደ። ወልደጊዮርጊስ ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

"አጠገብህ ቆሜ እንድመለከት ታዝዣለሁ። ከየቱቦው የምታወጣውን አቧራ እዚህ ላይ ታራግፋለህ፣ ለእሱ አሳየዋለሁ። ደግሞ አንዳችሁ ለራዲያተሩ ውኃ ከወንዙ ያምጣ። ቶሎ!"

ለውኃ የሚወርድን ሰው ጠባቂ አይከተለውም። ወንዙን ከተሻገሩ ቁጥቋጦ ነው፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ አርበኞቹ አሉ ይባላል። ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም ይላሉ፤ ለሀብተሥላሴ ዛሬ ሜዳው በባልዲ ተደርጎ መጣለት። እግሩ ሳያማክረው ሄዶ ባልዲውን አነሳ። ሦስት እርምጃ ያህልም ተራመደ።

አምስት ጧፍ ቀርቷል። ወልደጊዮርጊስ ቆሞ እያየ አንዱንም መዋጥ አይቻልም። እሱ ከሄደ፣ ወረቀቱ ላይ የሚያራግፈው ገሜዳ ነው። ይተነፍሳል ያለውስ ማን ነበር?

ተመልሶ ባልዲውን ለገሜዳ አስጨበጠው።

"ዴሚ። ሂንዴቢኢን" አለው፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ሂድ፣ እንዳትመለስ ማለቱ ነው።

ገሜዳ ምን ሊመጣ እንደሆነ ያኔ ገና ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። "እርስዎስ፣ ጋሼ?"

"ውኃ አምጣ ተብለሃል እኮ! ምን ይገትርሃል!" ሲል ጮኸበት፣ አስተርጓሚው እንዲሰማ።

ገሜዳ ቁልቁለቱን ወረደ። ሀብተሥላሴ ጀርባው ከግራር አጥሩ ኋላ እስኪሰወር አየው። ከዚያ ፒንሳውን አንስቶ ሁለተኛው ካሚዮን ሥር ተኛ።

"በሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ" አለ፣ "ወረቀቱን ያቀብሉኝ።"