የጋሼ አሳምነው የጨው ጉድጓድ

ወርቅውሃን ለወግ ያበቋት ጋሼ አሳምነው ናቸው። በዲቪ ላስ ቬጋስ ስትገባ የውሃ ምህንድስና ዲግሪዋን ሻንጣዋ ውስጥ ከታ የሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተዋወቋት፤ ጡረታ ሊወጡ ሲሉም እሳቸው ይሠሩበት በነበረው የአማካሪ መሐንዲሶች ቢሮ አስገቧት። ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2020፣ የእሳቸው የቀድሞ ሥራ እሷ እጅ ላይ ሲወድቅ ሁለቱም ደስ አላቸው።

ሥራው ጨው ነው። ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ከሚገብሩት ወንዞች አንዱ በሚያቋርጠው ሸለቆ ሥር ግዙፍ የጨው ክምችት አለ። የከርሰ ምድር ውሃ ያን ጨው እያሟሟ ወንዙ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ ይብሳል። ወርዶ ወርዶም የገበሬውን ማሳ ያበላሻል፤ ላስ ቬጋስ አጠገብ ሄንደርሰን ከተማ ውስጥ እስካለው የወርቅውሃ ቤት ቧንቧ ድረስም ይመጣል። ጋሼ አሳምነው የዕድሜያቸውን ግማሽ የፈጁት ይህን ውሃ ወንዙ ጋ ሳይደርስ በፓምፕ ስበው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መልሰው በመቅበር ነበር። ጉድጓዱ ለዓመታት ሠራ። ኋላ ግን በግፊት የገባው ውሃ ከሥር ያለውን ዐለት ያንሸራትት ጀመር፤ አንድ ቀን ሸለቆው ክፉኛ ተንቀጠቀጠና ጉድጓዱ ተዘጋ።

የወርቅውሃ ቡድን ምትኩን እንዲያጠና ከመንግሥት የውሃ መሥሪያ ቤት ታዘዘ። ሌላ ቦታ አዲስ ጉድጓድ ቢቆፈር መንቀጥቀጡ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ውሃው ሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ ተጠራቅሞ ፀሐይ ብታተነው፣ እዚያ የሚያርፉ ወፎች ላባቸው ላይ ጨው እየጋገረ ይሞታሉ። ፋብሪካ ተተክሎ ውሃው ፈልቶ ደረቅ ጨው ቢወጣ የሚበላው ጋዝና ኤሌክትሪክ አይቻልም። የመጨረሻው አማራጭ ምንም አለማድረግ ነው። ይህን ሁሉ የምትሠራው መኝታ ቤቷ ጥግ ላይ ሆና ነው። ባሏ ፋኑኤል ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ዘ ስትሪፕ ላይ፣ ካርታ የሚያድል ዲለር ነበር፤ ካዚኖው ከተዘጋ ወዲህ ሳሎን ተቀምጦ ይውላል።

አንድ ቀን ጋሼ አሳምነው ደወሉ።

"ወርቄ፣ የድሮውን ጉድጓድም እንደ አንድ ኦፕሽን አስገቢው። ፕሬዠሩን ዝቅ ካደረግነው ይሠራል።"

"ቼክ ላድርገው ጋሼ።"

ደጋግማ አሰላችው። ዐለቱ አሁንም እንደተወጠረ ነው፤ ግፊቱ ቢቀነስም ያስፈራል። ደውላ ነገረቻቸው።

"ለመሆኑ ሸለቆውን አይተሽዋል?"

"አላየሁትም፤ ጉዞ ተከልክሏል።"

"ታዲያ ኮምፒውተር ነዋ የነገረሽ።"

"ቤት ሰው ላይ ቢወድቅስ ጋሼ? የምፈርመው እኮ እኔ ነኝ።"

"እሺ" አሉና ዘጉት። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ የዙም ጸሎት ላይ እሷ ስትገባ የእሳቸው ምስል ይጠፋ ጀመር።

ለሕዝብ አስተያየት የተጠራው ስብሰባም በቪዲዮ ነበር። ጋሼ አሳምነው ገብተው ስለ ጉድጓዳቸው ተናገሩ፤ ጥናቱን "ፈሪ ሰው የሠራው" አሉት። ስሟን አልጠሩም። ከእሳቸው ቀጥላ አንዲት የሸለቆው ከብት አርቢ ተናገረች። መሬቱ የተንቀጠቀጠ ዕለት ጣሪያው ተሰንጥቆ፣ ታመው የተኙት እናቷ ላይ ልስኑ ወደቀ። እናትየው ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል አልገባም እንዳሉ ሞቱ። ወርቅውሃ ስክሪኑ ላይ የጋሼን ፊት ፈለገች። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል። ፈሪ በመባሏ ያደረባት ንዴት ወዲያው ለቀቃት፤ ደስ የሚል ነገር ግን አልተተካበትም።

የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ በዓመቱ መጨረሻ መጣ። የተመረጠው ምንም አለማድረግ ነው። እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ጣጣ ነበረበት፤ ጣጣውን ሁሉ አንድ በአንድ የጻፈችው ደግሞ እሷ ናት።

ጋሼ አሳምነው ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብላ ሮድስ ራንች የሚባለው ሰፈር ቤታቸው ሄደች። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዬ ማስክ አድርገው ጋራዡ በር ላይ ወንበር አወጡላትና ተመልሰው ገቡ። ጋሼ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

"የትኛው ተመረጠ?"

"አንዱም።"

"አዲሱ ጉድጓድም?"

"አንዱም አልተመረጠም ጋሼ። ጨው ዝም ብሎ ይወርዳል።"

ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

"የኔን ስትጥዪው ተናድጄብሽ ነበር" አሉ። "ሌላውን ትሠሩታላችሁ ብዬ ግን እተማመን ነበር። ኩሬም ቢሆን። ወፍም ቢሞት።"

"እኔ አልወሰንኩም።"

"አንቺ ነሽ መች አልኩ።"

ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ለየትኛው ጥፋት እንደሆነ ስታጣው ተወችው። ፋኑኤል ብቻውን ነው ብላ ተነሣች። እሳቸውም ቆዪ አላሏት።

ቢሮው ቀጥሎ የአንድ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ የጎርፍ ቦይ እንድትነድፍ ሰጣት። ቀላል ሥራ ነው፤ ማንም አይጣላበትም። በቀጣዩ ጸደይ ተዘግቶ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ጋሼ አሳምነው በር ላይ አገኟት።

"እንዴት ነሽ? ፋኑኤል ሥራ ተመለሰ?"

"ተመልሷል፤ ሺፍቱ ግን ግማሽ ነው።"

"ጌታ ይመስገን" አሉና ቀጥሎ ያለውን ሰው ሊጨብጡ ዞሩ። ሸለቆውን ሁለቱም አላነሡም፤ ከዚያ በኋላም አንሥተውት አያውቁም።