የማመልከቻው ለቅሶ

ሮማን "ቦታ የለም" ሲሏት አልቅሳ አታውቅም። ለቅሶ ትቀመጣለች እንጂ። ልዩነቱን ልንገራችሁ።

በደርጉ ዘመን አዋሳ ውስጥ እንደ ሮማን ጸሐፊነት ይማሩ የነበሩት መሥሪያ ቤት ገብተው ካልተለማመዱ ሰርተፊኬት አያገኙም። የሆሳዕናው ነጋዴ አባቷ ደግሞ ቃላቸው አንድ ነው፤ "ሰርተፊኬት ካልያዝሽ ሱቄ ገብተሽ ጨው ትመዝኛለሽ!" ጨው መመዘን ለሮማን ሞት ነው። ስለዚህ ታመለክታለች፣ ይመልሷታል፤ ታመለክታለች፣ ይመልሷታል።

መጀመሪያ የመለሷት ጊዜ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኛች። አብራት የተከራየችው ካሰች፣ ያቺ የሰይጣን ቁራጭ፣ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። "ለሞተ ሰው እንኳ የሚለቀሰው እስከ ሠልስት ነው! ማመልከቻሽ ሞተ? በወጉ እንቅበረው። ለቅሶ እንቀመጣለን፣ ንፍሮ እንበላለን፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ታስገቢያለሽ።" ደንቡ እንዲህ ተጀመረ። ሳቁ ሆድ ያቆስላል፤ ሀዘኑም በዚያው ይወጣላታል። ደግሞስ ያለ ቀበሌ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ለቅሶን ግን ማን ደፍሮ ይከለክላል?

የልምምዱ ጊዜ ሊዘጋ ሲል አዋሳ ፒያሳ ያለው የመጨረሻው መሥሪያ ቤትም መለሳት። ከእንግዲህ የሚያመለክቱበት ቢሮ የለም። ሮማን እንደ ደንቡ ተቀመጠች እንጂ ልቧ ጨው ቤት ገብቷል። ጓደኞቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ምንጣፉ ላይ ተኮለኮሉ፤ ካሰችም ደረቷን እየመታች ሙሾውን አወረደችው፦

"ልብሱ ነጭ በነጭ፣ ማኅተሙ ወይን ጠጅ፤
እንዲህ ያለ ጎበዝ ወድቆ ቀረ ከደጅ!"

አከራያቸው እማማ ወርቄ ነገሩን ለምደውታል። "እናንተ ልጆች፣ እውነተኛው ሲመጣ ምን ልትሉ ነው?" እያሉ ንፍሮውን ያዞራሉ።

በዚህ መሃል አንድ ሽበታም ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ ማለፍ ነውር ነውና፣ ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጎራ ማለታቸው ነው። "እግዜር ያጽናችሁ" ብለው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሮማን ቀና ብላ አየቻቸው። ጓድ ገብረየስ! ጠዋት ፊቷን እንኳ ሳያዩ የመለሷት ኃላፊ ራሳቸው!

መሳቅ አይቻል፣ ማቆም አይቻል። ካሰች ጭንቅ ቢላት ሙሾውን ደገመችው። "እንዲህ ያለ ጎበዝ" ስትል ሰውየው መሐረባቸውን አወጡ። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ነው የሚያለቅሰው፤ እሳቸውም ማን ትዝ ብሏቸው እንደሆነ እንጃ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ። ንፍሮ ሲቀርብላቸው ዘገን አደረጉና ወደ ሮማን ዞሩ።

"ሟች ምንሽ ነው፣ ልጄ?"

ጓደኞቿ ተያዩ። አሾፉብኝ ብለው ቀበሌ ቢከሱንስ? ሮማን "ወንድሜ" ልትል አፏን ከፈተች። የሰውየው እንባ ግን የእውነት ነው፤ እሱን እያየች መዋሸት ከበዳት።

"ማመልከቻዬ ነው፣ ጓድ።"

"ምን አልሽ?"

"የልምምድ ማመልከቻዬ። ዛሬ ጠዋት ሞተ።"

"ማን ገደለው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"በስመ አብ!" አሉ እማማ ወርቄ።

ጓድ ገብረየስ ንፍሮው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። ኋላ እንደምንም ዋጡትና አንገታቸውን ደፉ። "አላነበብኩትም" አሉ። "ክምሩ ቢበዛብኝ ሁሉንም እንዳለ መለስኩት።"

ካሰች ምላሷን መያዝ መች ታውቅበታለች! "ታዲያ ሳይሞት ነዋ የቀበሩት!"

አለቀልን፣ አለች ሮማን በልቧ። ሰውየው ግን መሐረቡን እንደያዙ ከት ብለው ሳቁ። እማማ ወርቄም ልብ አገኙና "እንግዲህ ንፍሯችንን ቀምሰዋል፤ ገዳይ ያለ ካሳ ከዚህ ቤት አይወጣም" አሏቸው።

"እክሳለሁ" አሉ እየተነሱ። "ሰኞ ጠዋት ይዘሽው ነይ፣ ልጄ። ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ነፍስ ካለው ትገቢያለሽ፤ ከሌለውም ምክንያቱን ፊት ለፊት እነግርሻለሁ።"

እስከዚያ ቀን ድረስ "አነበዋለሁ" ያላት ሰው አልነበረም። በዚያ ሁሉ ለቅሶ አንዲት ጠብታ ያልወጣት ሮማን፣ እሳቸው በሩን እንዳለፉ እንባዋ ገነፈለ፤ ጮኻ አለቀሰች። ይኼኛው እውነተኛ መሆኑ ያስታውቅ ነበርና ጎረቤታቸው የሺ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች እየሮጠች ገባች።

"ምነው፣ ደግሞ ማን ሞተባችሁ?"

"ማንም" አለች ካሰች ንፍሮ እየዘገነች። "ይልቅ የሞተው ተነሣብን።"