እንብላ ያለ አፍ

ሴት ዶሮ እንኳ በማታርድበት አገር እኔ ይታይሽ አህያ አራጅ ተባልኩ። የሰፈር ወሬኛ ብቻ ቢለኝ ንቄ በተውኩት። ያሉኝ ግን ልጄን ለልጃቸው የጠየቁት አቶ መርስዔ ኃዘን ናቸው።

መንገዱን የሚሠሩት ቻይናዎች ዓለም ከተማ ጫፍ ላይ ካምፓቸውን ሲተክሉ፣ አንዱ መንገድ መሥራቱን ትቶ ከካምፑ ፊት ለፊት ምግብ ቤት ከፈተ። ስሙ ሱን ነው። ከተማው ሰኔ ብሎታል፤ እሱም አቤት ይላል። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ወንበሩም አግዳሚ። ግን ከተማው በሩን ዘግቶ ሲተኛ የእኛ እሳት አይጠፋም። የገልባጭ ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ አውቶቡስ ተበላሽቶበት አምሽቶ የገባው መንገደኛ፣ ሁሉም ሌላ ቤት በሚከፍለው ግማሽ ጠግቦ ይወጣል። እኔ ጓዳ ነኝ። ጎመኑን፣ ካሮቱንና ቃሪያውን እከትፋለሁ፣ የቻይናውን ቀጭን ፓስታ ቀቅዬ በዘይት አገላብጣለሁ። ሳህኑን የሚያወጣው ራሱ ሰኔ ስለሆነ በላተኛውን አላየውም። ወሬኛው ግን የቻይና ቤት ነውና አህያ ያበላሉ እያለ ያማናል።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ልጄን እስከዳርን ያሳደግኳት በዚሁ እጄ ነው። የአቶ መርስዔ ኃዘንን ልጅ፣ ደመላሽን፣ ትወደዋለች። ልጁ ጨዋ ነው፣ በእሱ ቂም የለኝም። ኅዳር ላይ አባቱ ሽማግሌ ልከው ጠየቁ፣ እኔም ፈቀድኩ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ታኅሣሥ ሲገባ ያው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። ትልቁ፣ አባ አትናቴዎስ፣ ከደጃፍ አላለፉም።

“አቶ መርስዔ ኃዘን የላኩን ቃል ነው፤ አትቀየሚን ልጄ” አሉ። “አህያ ከምታበላ ሴት ጋር በአንድ ገበታ አልቀርብም፣ ልጇንም ለልጄ አላመጣም ብለዋል።”

“አባቴ፣ የነቢያት ጾም ገብቶ የለ? አሁን ማን ሥጋ ይሸጣል?”

“ዘይቱም የአህያ ነው ይባላል።”

“አህያ እንደ ኑግ ይጨመቃል እንዴ?”

 መልስ የሌለው ሰው ቃሉን አይመልስም፤ ዞረው ሄዱ። እስከዳር ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም፣ ሥራውን ተይውም አላለችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አደረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነደድኩ፤ ጎመን ስከትፍ ቢላዋው መክተፊያውን እስኪሰነጥቀው ድረስ ነደድኩ።

ጥቂት ቀናት አለፉና አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሰኔ ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሾፌሮቹ በጨለማ “ራታችንስ” እያሉ ሲጮሁ፣ ሳህናቸውን ይዤ በዳበሳ ወጣሁ። ጥግ ካለው ጠረጴዛ ጋር ስላተም፣ ምግብ ከሞላው አፍ ውስጥ፣

“እንብላ” የሚል ድምፅ መጣ።

እንብላ እኛ ዘንድ ሳይታሰብ ነው የሚወጣው። ኮቴ የሰማ በላተኛ፣ የመጣው ጠላት ይሁን ወዳጅ አይጠይቅም። ድምፁን ግን አወቅሁት። ጄኔሬተሩ ሲነሳ አቶ መርስዔ ኃዘን ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው፣ ፓስታውን በሹካ ጠቅልለው ቁጭ ብለዋል።

ሰኔ ከጓሮ ሲመለስ አያቸውና ሳቀ። “አባባ ሁልጊዜ ይመጣል። ቃሪያ ብዙ” አለኝ።

ቃሪያ ይብዛበት የሚባለውን ሳህን ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ቃሪያውን እየመረጥኩ፣ ይህ ሰው የሚጥመውን ያውቃል እያልኩ።

“ወይዘሮ ይታይሽ” አሉ፣ ሹካቸውን አስቀምጠው። “እህል የጫኑልኝ መኪናዎች ያመሹብኛል። ሌላው ቤት ይዘጋል፣ ደግሞም ውድ ነው። ያን የአህያ ነገር እኔም ሰው ሲል ሰምቼ ነው።”

“እንብላ ብለውኝ የለ?” አልኳቸው።

ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ሹካ አልፈለግሁም፤ ከሳህናቸው በእጄ አንስቼ በላሁ። ሾፌሮቹ ዞረው አዩን።

“በአንድ ገበታ አልቀርብም ያሉት እርስዎ ነዎት” አልኩ። “አሁን ቀርበዋል፣ ሰውም አይቷል። እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ራስዎ ይመጣሉ። እዚህ ቤት ሲበሉ የከረሙት ምን እንደሆነ ለእስከዳር በአፍዎ ይነግሯታል።”

“እመጣለሁ” አሉ አንገታቸውን ደፍተው። “ሠርጉም በቀኑ ይሆናል።”

ይቅርታ የምትባለው ቃል ግን አልወጣቻቸውም። እንብላን ያወጣ አፍ እሷን ማውጣት አቃተው። ንዴቴ እንደገና ተነሳ። ቃሪያ የበዛበትን አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ዘረጋሁላቸው። ጉርሻ አይመለስምና ጎረሱ። ቃሪያው ዓይናቸውን አስነባው። እንደምንም ከዋጡ በኋላ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ፣

“አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ይድገሙኝ እንጂ” አሉ።

ተነሳሁና እጄን በሽርጤ ጠረግሁ።

“እሱ ለሠርጉ ዕለት ይቆይዎት” አልኳቸው።