የቲርዛ ፉርጎ ከገደሉ አፋፍ ሲነሣ

"ሳብ! ምን ታንቀላፋለህ፣ ሳብ እንጂ!" አለች ቲርዛ ከዘራዋን እያወናጨፈች።

ሁለቱ ትራክተሮች አጓሩ። የብረቱ ገመድ ተወጠረ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ከቦታው ያልተነቃነቀው አሮጌ የባቡር ፉርጎ፣ ቲርዛ ሙሽራ ሆና የገባችበት ቤት፣ አንዴ አቃሰተና ቀጥ አለ።

"እምቢ አለ እኮ!" ብሎ ጮኸ ዳግላስ ከፊተኛው ትራክተር ላይ። ከገደሉ ወዲህ ያለው የገብስ ማሳ የእሱ ነው፤ ለፉርጎው ማረፊያ ከዳር ቆርሶ የሰጣትም እሱ ነው። "ልክ እንደ ባለቤቱ ግትር ነው!"

"ግትርስ ያሳደገህ አባትህ ነበር። ይልቅ ነዳጁን ስጠው!"

ሰው ሳቀ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ ቋሊማ በዳቦ የያዘው ይዞ፣ ሻይ በፔርሙስ የቋጠረው ቋጥሮ። የፈረስ እሽቅድምድም እንጂ ቤት የሚያዩ አይመስሉም ነበር። እውነትም እሽቅድምድም ነው፤ ግን ከባሕሩ ጋር። ውሃው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጢም ብሎ ይሞላል፤ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ደግሞ ከኋላው ይገፋዋል። ከትናንት ወዲያ ከማድ ቤቱ እስከ ገደሉ ስድስት ሜትር ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ቲርዛ መጋረጃዋን ስትገልጥ ሦስት ሆኖ ጠበቃት። ከስምንት ሰዓት በፊት ካልተነሣ ቤቱ ከነአልጋው ባሕር ይገባል።

ፋራህ፣ የባሕር ዳርቻውን የምትቆጣጠረው መሐንዲስ፣ ከፉርጎው ሥር ጭቃ በጭቃ ሆና ወጣች።

"እማማ ቲርዛ፣ የያዘው ማድ ቤቱ ነው። ጡቡ ከፉርጎው ጋር በሲሚንቶ ተጣብቋል። ካልተቆረጠ አይለቅም።"

ቲርዛ ጡቡን በከዘራዋ ነካ አደረገች። ማድ ቤቱን የሠራው ሟቹ ባሏ ዋልተር ነው፤ በአንድ ክረምት፣ በሁለት እጁ። የሠራው ሲጣመም እያየ "ነፋሱ ነው ያጣመመው" የሚል ሰው ነበር።

"ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? እኔ ልቁረጠው? አምጡ መጋዙን!"

መጋዙ ጮኸ፣ አቧራው ነፋሱን ተከትሎ ሄደ። ግማሹ ግድግዳ ሲወርድ ከኋላው ያለው ተገለጠ፤ ከዕቃ ማጠቢያው የሚወጣው የቲርዛ የፍሳሽ ቱቦ። ዳር ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የኖረው፤ ቱቦውን ወደ ገደሉ ይቀጥላል፣ ባሕር ሁሉን ይወስዳል ብሎ።

ጎረቤቷ ሜቪስ ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ስትነዘንዛት ኖራለች። "ቲርዛ፣ ያ ውሃ መሬቱን እያላቆጠው ነው" ትላታለች። ቲርዛም ትመልስላታለች፦ "መሬታችንን የበሉት የላይኞቹ መንደርተኞች ናቸው! ባሕር ውስጥ ድንጋይ ገድግደው አሸዋችንን ያስቀሩብን! እኔ ሁለት ሳህን ባጠብኩ ገደል ይናዳል?"

አሁን ሁሉም ያያል። ከቱቦው በታች ያለው ጭቃ ውሃ እንደበዛበት ሊጥ ዝልፍልፍ ብሏል። መሬቱም ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፉርጎው አልሄደም፤ ወደ ደቡብ ታጥፎ እስከ ሜቪስ የእንጨት ቤት በረንዳ ደርሷል። ያ ቤት ማረፊያ መሬት አጥቶ ሰኞ እንዲፈርስ ተወስኗል፤ ሜቪስም ከእህቷ ልጅ ዘንድ ልትጠጋ ሻንጣዋን ሸክፋለች።

"የድንጋዩስ ነገር?" አለች ቲርዛ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

"እሱም እውነት ነው" አለች ፋራህ። "አሸዋው ሲቀር ማዕበሉ ገደሉን ከእግሩ ይበላዋል። ውሃ ከላይ ሲሰርግ ደግሞ ከራሱ ይበላዋል። ሁለት አፍ ነው የገጠመው።"

ቲርዛ ወደ ሜቪስ ዞረች። "በይ እንግዲህ፣ አላልኩሽም ወይ በይኛ! ዐሥር ዓመት የጠበቅሽው ቀን ነው።"

ሜቪስ ስንጥቁን አየች፣ እሷንም አየች። "ቤትሽን አስወጪ ቲርዛ። ነገሩ ይደርሳል፣ ውሃው ነው የማይጠብቀው።"

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

"ሳብ!" አለች ዳግላስን።

ገመዱ ተወጠረ፣ ከሥሩ የተነጠፉት የብረት ቧንቧዎች ጮኹ፤ ፉርጎው ነቅነቅ አለ፤ ከዚያ፣ ጉድ ነው፣ እንደ ድሮው ባቡር ተንደረደረ! ሰው በአንድ ድምፅ ጮኸ። ወንዶቹ ከኋላ የቀረውን ቧንቧ እያነሡ ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ ቲርዛም በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ከዘራዋን ብብቷ ሥር ወትፋ ከጎኑ ትሮጣለች። "ቀጥ አድርገው! ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም እንዴ አንተ!" ከኋላቸው ምድር ተንቀጠቀጠች፤ የዋልተር ማድ ቤት ከነቱቦው ገደል ገባ። ዞራ አላየችም።

እኩለ ቀን ሲሆን ዳግላስ ሞተሩን አጠፋ። ቲርዛ ራሷ የፉርጎውን ማረፊያ ልታመለክት በተከለቻቸው አራት ካስማዎች ፊት ደርሰዋል፤ ቦታው ከማሳው ከፍ ያለው ነው፣ አልጋ ላይ ተጋድመው ባሕሩን የሚያዩበት። ከዚያ ወዲያ መሬቱ እስከ ቁጥቋጦው አጥር ድረስ ዝቅ ይላል። ሰዉ አጨበጨበ። ሜቪስም ከሻንጣዋ አጠገብ ቆማ አጨበጨበች።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ እማማ!" አለ ዳግላስ። "ገመዱን ልፍታው።"

"ማን ፍታ አለህ?"

"ደረስን እኮ!"

"እስከ አጥሩ ሳበው።"

"እዚያ ጉድጓድ ውስጥ? ባሕሩ እኮ አይታይዎትም!"

"ሃምሳ ስምንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ አዲስ ነገር አያመጣም። ይልቅ እዚህ ላይ የሜቪስ ቤት ይገባል ወይስ አይገባም?"

ዳግላስ ማሳውን በዓይኑ ለካ፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ። "ይገባል። የሷ ቀላል እንጨት ነው። ከተቻኮልን…"

"ታዲያ ምን ታወራለህ?"

ሜቪስ አፏን ከፈተች። "ቲርዛ፣ እኔ እንኳ…"

"አንቺ ዝም በዪ! ሄደሽ ምድጃሽን አጥፊ፣ ሳህኖችሽንም ከመደርደሪያ አውርጂ" አለችና፣ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ካስማ በሁለት እጇ ነቀለች።