ትንኝ የጠራ መብራት

ሰላህ በሕይወት ሳለ ከሐይቁ ሲመለስ ሳያፏጭ ቤቱ አይደርስም ነበር። ስኳርና ሳሙና በጀልባ ጭኖ በጣና ዳር ላሉት ከተሞች ሲያከፋፍል ይውልና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ገና ውኃው ላይ እንዳለ አንድ ረጅም ቀጭን ፉጨት ይለቃል። ሚስቱ ሰዓዲያ ያን ስትሰማ ወጡን እሳት ላይ ትጥዳለች። አንድ ክረምት ታዲያ ማዕበል ተነሳ፤ ጀልባው ተገልብጦ ተገኘ፣ ሰላህ ግን አልተገኘም። ሰው አለቀሰ፣ ዱዓ ተደረገ። ሰዓዲያን ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ ተቀመጪ ቢሏት፣ ሬሳውን ያየ ማን ነው ብላ እምቢ አለች። እሷ አንዴ እምቢ ካለች ደግሞ በሬ ጠምደው ቢጎትቷት አትነቃነቅም። ይልቁን ወደ ሐይቁ ከሚያየው መስኮት በላይ፣ ከውጭ፣ አንድ ትልቅ አምፖል አሰቀለች። በጨለማ ቢመጣ ቤቱ እንዳይጠፋበት ነው።

መብራቱን ሰላህ አላየውም፤ ትንኝ ግን አየው። የሐይቅ ትንኝ አይናከስም፣ ምን ያደርጋል ይባላል። ከውኃው ላይ እንደ ጭስ ተነስቶ አምፖሉን ይከብና፣ ሲነጋ ከመስኮቱ ሥር ሞቶ ተከምሮ ይገኛል። ሰዓዲያና የዘጠኝ ዓመት ልጇ ተስኒም ጠዋት ጠዋት ይጠርጉታል። ሲጠረግ እንደ ዱቄት ይቦናል።

አንድ ምሽት ሰዓዲያ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ፉጨቱን ሰማችው። ያው ፉጨት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚል። ቢላዋውን ጥላ ጫማ ሳታደርግ ወደ ሐይቁ ወረደች። ውኃው ረግቷል፤ አንድም ጀልባ የለበትም። «ሰላህ» አለች፣ ሰው እንዳይሰማት ቀስ ብላ። ፉጨቱ እንደገና መጣ። ከሐይቁ ግን አልነበረም፤ ከኋላዋ፣ ከቤቷ ነበር። ቀድሟት የገባ መሰላትና እየሳቀች ተመለሰች።

ቤት ውስጥ ተስኒም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቶ አየር ትፈልጋለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። የሚያፏጨው ደረቷ ነው።

ጎረቤቶች በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ኦክስጅን አደረጉላት፣ ፓፍ የሚሉትን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጧት፤ ፉጨቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሔራን የምትባል ወጣት ሐኪም አስም ነው አለች። ሰዓዲያን ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ልጅቷን መቼ እንደሚነሳባት፣ የት እንደምትተኛ፣ ቤቱ ውስጥ ምን አቧራ እንዳለ ጠየቀቻት። ሰዓዲያ የመብራቱንና የትንኙን ነገር ስታነሳ ሐኪሟ መጻፏን ትታ ቀና ብላ አየቻት።

የሳንባ መተንፈሻ ቧንቧ እንዲሁ የአየር መተላለፊያ ብቻ አይደለም አለቻት። ውስጡን የለበሱት ሕዋሳት በርም ዘበኛም ናቸው። የትንኙ ብናኝ ሲያርፍባቸው ይጎዳሉ፣ ይደነግጣሉ፤ ሲደነግጡም ጆሮ የማይሰማው ጥሪ ይለቃሉ። ጥሪው በደም ውስጥ ለሚዞሩት የሰውነት ወታደሮች ይደርሳል። እነዚያም ብናኙን አንዴ ጠላት ብለው ይዘውታልና ተግተልትለው ይመጣሉ። የሚገደል ጠላት ግን የለም። ባያገኙም አይመለሱም፣ እዚያው ይሰፍራሉ። እነሱ በሰፈሩበት ግድግዳው ያብጣል፣ አክታው ይወፍራል፣ የአየሩ መንገድ ይጠባል። ደጋግሞ የጠራ ደግሞ መጥራት ይለምዳል፤ ኋላ ቅንጣት ብናኝ ይበቃዋል።

«ጠላት ከሌለ ማን ነው የሚጠራቸው?» አለች ሰዓዲያ።

«በሩ ራሱ ነዋ፣ እናቴ።»

መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ እንዳታቋርጥ አዘዘቻት። መብራቱ ግን መጥፋት አለበት አለች፤ ብናኙ እስካለ ድረስ ልጅቷ አንድ ቀን ሳይደርሱላት ልትቀር ትችላለች።

ሰዓዲያ በመድኃኒቱ ተስማማች። መብራቱን ግን አላጠፋችም። የልጅቷን አልጋ ወደ ጓዳ አዛወረች፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈነች፣ መጥረጉንም ተስኒምን አስወጥታ ለብቻዋ በእርጥብ ጨርቅ ያዘች። የሰላህ ታላቅ ወንድም ሙሀመድየሱፍ ሊጠይቃቸው መጥቶ ይህን ሲያይ ሳቀባት። ሰርግ ደግሶ በር መዝጋት አሁን ምን ይሉታል አላት። እሷም የርስዎ ወንድም ነው ጋሼ፣ መብራት ይዘው ሊጠብቁት የሚገባዎ እርስዎ ነበሩ አለችው። ሳቁን ተወ።

«እኔ በልቤ ቀብሬዋለሁ፣ ሰዓዲያ» አላት። «አንቺ ግን በየምሽቱ ታሰጥሚዋለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነባት። ፉጨት በሰማች ቁጥር ወዴት እንደምትሮጥ ግራ ይገባታል፤ ወደ ሐይቁ ነው ወይስ ወደ ጓዳው? አንዳንዴ ጓዳ ገብታ ልጅቷ በሰላም ተኝታ ታገኛታለች፤ ፉጨቱ ግን አለ።

ዝናብ ባባራ ማግስት ትንኙ ከወትሮው በዛ። ገና በደንብ ሳይጨልም ተስኒምን ያዛት። ሰዓዲያ ፓፉን ሰጠቻት፤ ደረቷ ጥቂት ተከፈተ፣ ፉጨቱ ግን አልለቀቃትም። የተደፈነው መስኮት ዳር ዳሩን ያበራል፤ በክፍተቱ ትንኙ ይገባል። ሰዓዲያ ወደ ማጥፊያው ሄደች፣ እጇን ሰደደች፣ ሳትነካው ቆመች።

«እማ፣ አታጥፊው» አለች ተስኒም፣ ቃሉን በየመሃሉ እየቆረጠች። «አባ ቤቱ ይጠፋበታል። እኔ እችለዋለሁ።»

ሰዓዲያ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምትጠብቀው ብቻዋን ይመስላት ነበር። ለካ ልጅቷ ትንፋሿን እየከፈለች አብራት ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

አጠፋችው።

ሐይቁ ወደ ቤቱ ተጠግቶ የመጣ መሰለ። ትንኙ መስኮቱን ሲለቅ እንደ ካፊያ ጥቂት ተንሿሿና ዝም አለ። ሰዓዲያ በዳበሳ ልጅቷ ዘንድ ሄዳ ከጀርባዋ አቅፋ ተቀመጠች፤ የደረቷን መውጣትና መውረድ በክንዷ ታደምጣለች። ቆይቶ ፉጨቱ ሳሳ፣ ከዚያም ጠፋ።

ያኔ ነው ከደጅ፣ ከውኃው ወገን፣ እርጥብ እግር ጭቃ ሲረግጥ የተሰማው። ቀስ እያለ መጣ። መስኮቱ ሥር ሲደርስ ቆመ፤ የሚያውቀው ሰፈር የተለወጠበት ሰው እንደሚቆመው። አላንኳኳም። አልተመለሰምም። የተስኒም ጣቶች የእናቷን ክንድ ጨመቁ።

«እማ፣ ሰማሽ?»

ሰዓዲያ ልትነሳ ነበር፤ ልጅቷን አጥብቃ አቅፋ ቀረች።

«ሰማሁ» አለች። «አንቺ ተንፍሺ።»