በስልክ የወጣ ዕጣ

...ደግሞ እትዬ ሰርካዲስ፣ አሁንም እሳቸው፣ ለሦስተኛ ወር፣ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ዕጣ ወጥቶ ስማቸው ስልኩ ላይ ብቅ ሲል የጋሼ አድማሱ ሬስቶራንት ጓዳ በእልልታ ይናወጣል፣ እታለምም ታጨበጭባለች፣ ምን ታድርግ፣ ጥርሷ ይስቃል ሆዷ ግን እርር ይላል። ማን ይሙት፣ ይሄ ዕጣ ነው? ወረቀት ጠቅልለን ሙዳይ ውስጥ ስንጨምር እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም፣ ዘመናዊ እንሁን፣ ዕጣው በስልክ ይውጣ ያለው ማኅበርተኛው ተፈሪ ነው፣ ፕሮግራሙን የሠራችው ናዝራዊት፣ እሷ ደግሞ የማን የእህት ልጅ? የእትዬ ሰርካዲስ። አለቀ።

ጽዋውን የፈለገችው ለታይታ አይደለም። ልጇ መዝሙር በሚመጣው ወር ዌስትውድ ሆስፒታል የልብ ኦፕሬሽን አለው፣ ዶክተሩ ኦኬ ነው ይላል፣ ዶክተር መቼ ኦኬ ያላለው ነገር አለ፣ ከዚያ በፊት የሚካኤል ጽዋ ቤቷ ቢገባ፣ እንደ ደንቡ ማኅበርተኛው ጽዋው ያለበት ቤት መጥቶ ልጇ አጠገብ ቢጸልይ፣ ሌላ ምን ለመነች። እንለዋወጥ አይባል ነገር፣ መልአኩ የሰጠውን ማን ይቀማል። መልአኩ ከሆነ የሰጠው።

አፏ ይቀድማታል። ናዝራዊት፣ እስቲ ድገሚው።

ልጅቷ ስልኩን ትነካዋለች፣ ሰርካዲስ። ትደግማለች፣ ሰርካዲስ። ፊቷ ይቀላል፣ አያችሁ፣ እጅ ከፍንጅ ስትያዝ። ወይኔ፣ ሶሪ እትዬ፣ ትላለች ልጅቷ፣ ኮምፒውተር እኮ ከራሱ ዕጣ አያወጣም፣ መነሻ ቁጥር ይፈልጋል፣ መነሻው ካልተለወጠ የሚያወጣውም ስም አይለወጥም፣ ሶ እኔ ወሩን ሳይጨምር የቀኑን ቁጥር ብቻ በኛ አቆጣጠር ሰጠሁት፣ በየቀኑ ስለሚለወጥ ብዬ። ጋሼ አድማሱ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል፣ አንቺ ልጅ፣ እኛ እኮ የምንሰበሰበው ሁልጊዜ በአሥራ ሁለት ነው፣ በሚካኤል!

ሳቅ፣ ሁሉም፣ ከእትዬ ሰርካዲስ በቀር። መልአኩ ወዶኝ ነው ሲሉ የከረሙት ሴትዮ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ፣ እታለም ታፍራለች፣ ትንሽ፣ ግን ስህተት ነው ወይስ ስህተት አስመሰለችው፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ይሄ ይጠፋታል?

እሺ እትዬ እታለም፣ ትላለች ናዝራዊት፣ መነሻውን አንቺ ስጪኝ፣ ደስ ያለሽን ቁጥር።

ሁሉም ያዩዋታል። የመዝሙር ልደት? አይሆንም፣ ያውቁታል፣ ሥራዋ ነውና ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ስታደርግ ውላለች፣ ካየቻቸው ታርጋዎች አንዱ ይመጣላታል፣ አራት መቶ ሰባ ሦስት። ልጅቷ ስልኩን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ ትጽፋለች፣ ትነካለች፣ ቆይ፣ ሁለቴ ነው የነካችው፣ ቁጥሩን ለውጣ? ስልኩን ወደ ሰዉ ታዞረዋለች።

እታለም።

እልልታ። እትዬ ሰርካዲስ ራሳቸው ተነሥተው ጽዋውን ያስታቅፏታል፣ ይማርልሽ ልጄ፣ ይላሉ፣ እንባቸው ይመጣል፣ አልቅሺ እንጂ አንቺም፣ የለመንሽው ይኸው፣ ግን የእታለም ዓይን ናዝራዊት ላይ ነው፣ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ ለምን ቀና አትልም፣ የመዝሙርን መታመም ሁሉም ያውቃል፣ እሷም፣ አዝናልኝ ቢሆንስ፣ ስልኩን አሳዪኝ ልበላት? ካየሁ በኋላስ፣ ምን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ጽዋውን ደረቷ ላይ ታጠብቃለች፣ ሚካኤል ሆይ ብላ ትጀምራለች፣ አንዴ ነው የነካችው፣ አይ ሁለቴ ነው፣ ሚካኤል ሆይ፣ አንተ ነህ የሰጠኸኝ ወይስ እሷ